መስጂዶች በተዘጉበት ረመዳን፤ ሕዝቡ ትዕዛዙን እንዴት ተቀበለው?

የ1441 ዓመተ ሂጅራ ረመዳን የገባው ሚያዝያ 16 ቀን 2012 ዓ.ም ነበር። ዕለቱም ጁምዓ ነበር። በሌላ ዓመት የረመዳን መግቢያና ጁምዓ ሲገጣጠሙ መርካቶ በሚገኘው ታላቁ አንዋር መስጂድ ዙሪያ ያሉ መንገዶች ከረፋዱ ጀምሮ በሰጋጆች ይሞላሉ፤ ውስጥ ቦታ ያጣው መስገጃውን አስፋልት ላይ ያነጥፋል። በዚያ ዓመት ግን መስጂዶች ለጀመዓ ሶላት ዝግ ነበሩ። ሙስሊሙ በጁምዓ ፋንታ ዙሁርን በየቤቱ ሰገደ። በዕድሜ ከገፉት አባቶችና እናቶች መካከል እንኳ እንዲህ ያለ ረመዳን አይቼ አውቃለሁ የሚል ማግኘት አዳጋች ነበር።

ዛሬ ሶፉ ተጠጋግቶ፣ ትከሻ ከትከሻ ተገናኝቶ ተራዊሕ ሲሰገድ ያ ጊዜ የሩቅ ታሪክ ይመስላል። ያኔ ሕፃናት የነበሩ ልጆች ግን ‹‹ለምን ተዘጋ? ሰዉስ ምን አለ?›› ብለው ሲጠይቁ መልስ ማግኘት አለባቸው። ሕዝቡ ትዕዛዙን የተቀበለበት መንገድ አንድ ዓይነት አልነበረምና።

ነገሩ የጀመረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ ታማሚ መገኘቱ በተነገረ ጊዜ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉና ትልልቅ ስብሰባዎች እንዲቋረጡ ተወሰነ። መጋቢት 27 በበሽታው የመጀመሪያው ሞት ተመዘገበ። መጋቢት 30 ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። መጨባበጥ ተከለከለ፤ ሰው ከሰው በሁለት የአዋቂ እርምጃ እንዲራራቅ ተባለ፤ ሕዝብ በሚበዛበት ቦታ አፍና አፍንጫን መሸፈን ግዴታ ሆነ፤ የሕዝብ ማመላለሻዎች ከወንበራቸው ግማሹን ብቻ እንዲጭኑ ታዘዙ። ሆኖም እንደ ብዙ አገሮች ሰው ከቤቱ ጨርሶ እንዳይወጣ አልተደረገም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ምክንያቱን ሲያስረዱ ቤት የሌላቸው ብዙ ዜጎች መኖራቸውን፣ ቤት ያላቸውም ቢሆኑ የዕለት ጉርሳቸውን በየዕለቱ ወጥተው የሚያገኙ መሆናቸውን ገልጸው ነበር።

የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤትም ምዕመናን ሶላታቸውን በየቤታቸው እንዲሰግዱ ጥሪ አቀረበ። በዚህ ጊዜ ነበር የሰዉ ስሜት የተከፋፈለው።

የመጀመሪያው ስሜት ድንጋጤና ቅሬታ ነው። ሰው ሲጨንቀው የሚሸሸው ወደ አላህ ቤት ነው፤ ታዲያ በጭንቅ ቀን መሸሸጊያው እንዴት ይዘጋል? ይህ ጥያቄ የአላዋቂነት ጥያቄ አልነበረም። ሌላው ቅሬታ ደግሞ ከፍትሕ ጋር የተያያዘ ነበር። ገበያው እንደ ወትሮው ይተራመሳል፤ የታክሲ ሰልፉ ተጠጋግቶ ይቆማል፤ ውዱእ አድርጎ፣ ታጥቦ፣ በሥርዓት የሚቆመው ሰጋጅ ግን ይከለከላል። ሕጉ በአንዱ ጠብቆ በሌላው ሲላላ ያየ ሰው ልቡ ቢሻክር አይገርምም።

ሁለተኛው ስሜት ጉዳዩን በቸልታ ማየት ነው። በሽታውን የሩቅ አገር ወሬ ወይም የሀብታም በሽታ አድርጎ የሚቆጥረው ብዙ ነበር። ‹‹የአላህ ቀደር ከሆነ ቤት ብንቀመጥስ መቼ ያመልጠናል?›› የሚልም ነበር።

ሦስተኛው ወገን እያለቀሰ የታዘዘው ነው። ትዕዛዙ ከባድ እንደሆነ ሳይክድ፣ ነፍስን መጠበቅም ኢባዳ መሆኑን ተቀብሎ በሩን የዘጋው ብዙኃኑ ቤተሰብ እዚህ ውስጥ ይመደባል።

ዑለማዎች ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወገኖች የመለሱት ከሐኪም ቤት በተገኘ ቁጥር ብቻ አልነበረም፤ ሙስሊሙ ከሚያውቀው ታሪክ ነበር። በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ ከተባለው ቦታ እንደደረሱ በአካባቢው ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙ። ዑመርም ወዲያው አልወሰኑም። መጀመሪያ ሙሃጂሮችን፣ ቀጥሎ አንሷሮችን አማከሩ፤ ሁለቱም ወገኖች እርስ በርሳቸው ተለያዩ። በመጨረሻ የቁረይሽ ሽማግሌዎች ሕዝቡን ይዘው እንዲመለሱ በአንድ ድምፅ መከሯቸው። ታላቁ ሶሓባ አቡ ዑበይዳ ግን ከአላህ ውሳኔ መሸሽ ነው ወይ ሲሉ ጠየቁ። ዑመርም ከአንዱ የአላህ ውሳኔ ወደ ሌላው የአላህ ውሳኔ እንደሚሄዱ ነገሯቸው፤ ግመሎቹን ከደረቁ የሸለቆ ዳር ወደ ለምለሙ የሚያሻግር እረኛንም ምሳሌ አደረጉላቸው። ከዚያም ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ መጥተው ወረርሽኝ ወዳለበት አገር መግባትም ሆነ ከዚያ ሸሽቶ መውጣት እንደማይገባ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሰሙትን ነገሯቸው። ዑመርም አላህን አመስግነው ተመለሱ።

ይህ ታሪክ ለ2012ቱ ጥያቄ ሁለት መልስ ይዟል። አንደኛው፣ ጥንቃቄ ከተወኩል ጋር እንደማይጋጭ ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚነሳ ጥያቄ ከእምነት ማነስ የሚመጣ እንዳልሆነ ነው። ሶሓባዎች እንኳ ተለያይተው፣ ተጠያይቀው፣ ተመካክረው ነው የወሰኑት። አቡ ዑበይዳ በዚያው ዐምዋስ በተባለው ወረርሽኝ ሕይወታቸው ቢያልፍም ማንም በክብራቸው ላይ ነገር አላነሳም።

ጉዳዩ የእኛ አገር ብቻም አልነበረም። በአገራችን የመጀመሪያው ታማሚ በታወቀበት በዚያው ጁምዓ፣ በኩዌት ሙአዚኖች በአዛኑ ውስጥ ‹‹በቤታችሁ ስገዱ›› የሚለውን ሐረግ አሰሙ። ይህም አዲስ ፈጠራ አልነበረም፤ ኢብን ዐባስ ዝናብ በበረታበት ቀን ሙአዚናቸው እንዲሁ እንዲል ማዘዛቸው በሐዲስ ተዘግቧል። የግብፁ አል-አዝሀር የጀመዓና የጁምዓ ሶላትን ማቋረጥ እንደሚፈቀድ ገለጸ። ሳዑዲ ዓረቢያም ከሁለቱ ቅዱሳን መስጂዶች በስተቀር በሌሎቹ ሁሉ የጀመዓ ሶላት እንዲቆም ወሰነች። ከዚያ በፊት ዑምራ ተቋርጦ ነበር። በካዕባ ዙሪያ ያለው የጠዋፍ ስፍራ ባዶውን ሆኖ በቴሌቪዥን የታየ ዕለት ስንቱ ሙስሊም ቤት አልቅሷል።

በሌላ በኩል ትዕዛዙ የተገፋባቸው ቦታዎችም ነበሩ። በኢራን ቁም ከተማ የፋጢማ መዕሱማ መካነ መቃብር ሲዘጋ የተቆጡ ሰዎች በሩን ጥሰው ወደ ግቢው ገቡ። በባንግላዴሽ ብራህማንባሪያ እንቅስቃሴ ተገድቦ ሳለ በአንድ ሰባኪ ቀብር ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወጡ። የፓኪስታን መንግሥት ከዑለማዎች ጋር ተደራድሮ ባለ 20 ነጥብ ስምምነት ላይ ደረሰ፤ መስጂዶች ክፍት ሆነው ምንጣፍ እንዲነሳ፣ ሰጋጆች እንዲራራቁ፣ ከ50 ዓመት በላይ የሆኑ እንዳይመጡ ተባለ። ኢንዶኔዥያ ደግሞ ሚሊዮኖች ለኢድ ወደ ትውልድ ቀያቸው የሚያደርጉትን ጉዞ ልክ ረመዳን ሲገባ ከለከለች። ለኢድ ወሎ፣ ጅማ ወይም ሐረር ወዳሉ ወላጆቹ መሄድ የለመደ የአዲስ አበባ ነዋሪ የኢንዶኔዥያውያኑን ኀዘን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ፍርሃቱ መሠረት ነበረው። በማሌዥያ ስሪ ፔታሊንግ በተባለ መስጂድ በየካቲት ወር 16 ሺህ ያህል ሰዎች የተገኙበት ሃይማኖታዊ ስብሰባ ተካሂዶ ነበር። የአገሪቱ ጤና ሚኒስቴር ከ3 ሺህ በላይ ታማሚዎችን ከዚያ ስብሰባ ጋር አያይዟል። ለመልካም ነገር የተሰበሰቡ ሰዎች ሳያውቁት በሽታውን ይዘው ወደ እናት አባታቸው ተመለሱ።

ተራዊሕ ወደ ቤት ሲገባ ምን ሆነ? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ተራዊሕን በመስጂድ ጥቂት ሌሊቶች ካሰገዱ በኋላ ግዴታ እንዳይሆን ሰግተው ሳይወጡ መቅረታቸው፣ ሰዉን በኡበይ ኢብን ከዕብ ኢማምነት በአንድ ጀመዓ የሰበሰቡትም ዑመር መሆናቸው ይታወቃል። ስለዚህ ተራዊሕን በቤት መስገድ እንግዳ ነገር አልነበረም፤ የተዘነጋ ነገር ነበር። ሳሎኑ ተጠርጎ መስገጃ ተነጠፈበት። ቁርኣን በመድረሳ የሐፈዘ ልጅ ባለበት ቤት አባት ከልጁ ኋላ ቆመ። ሌላ ጊዜ ኢፍጣር አዘጋጅታ፣ ሕፃን ታቅፋ ቤት የምትቀር እናትም ከባሏና ከልጆቿ ጋር በጀመዓ ሰገደች። ብዙ ቤተሰብ ከዚያ ረመዳን ያተረፈው ይህን ነው።

ይህ ግን ሳሎን ላለው ነው። በአንዲት ጠባብ ክፍል ስድስትና ሰባት ሆኖ ለሚኖር ቤተሰብ ‹‹ተራርቃችሁ ቤት ተቀመጡ›› ማለት ምን ማለት ነበር? ከአስር በኋላ በየመስጂዱ ደጅ ሳምቡሳና ቴምር ሸጣ ልጆቿን የምታሳድግ ሴት የመስጂዱ በር ሲዘጋ ገበያዋም አብሮ ተዘጋ። በመስጂድ ኢፍጣር ጾሙን ይፈታ የነበረው የቀን ሠራተኛ፣ ከሰጋጅ እጅ ሰደቃ ይጠብቅ የነበረው አቅመ ደካማ ወዴት ይሂድ? ታክሲ የሚጭነው ሰው ሲቀንስ የጉዞ ዋጋ ጨመረ፤ ሥራ ደግሞ ጠፋ። ያኔ ‹‹ከኮሮና በፊት ረሃቡ ይገድለናል›› ሲባል የሰማ ሁሉ ንግግሩ ቀልድ እንዳልነበረ ያውቃል።

ለዚህ ቅሬታ ሕዝቡ የሰጠው መልስ ነበር ያን ረመዳን የታደገው። ‹‹ማዕድ ማጋራት›› የሚለው ጥሪ በየሰፈሩ ተሰማ። የቤትና የሱቅ ኪራይ የተዉ ወይም የቀነሱ አከራዮች ነበሩ። ወጣቶች ዱቄት፣ ዘይትና ቴምር አሰባስበው በየበሩ አደረሱ። ጎረቤት የጎረቤቱን ጭስ ማየት ጀመረ፤ የማን ቤት ምድጃ እንዳልነደደ ጠየቀ። በሰልፍ ይታደል የነበረው ሰደቃ ወደ ቤት ሲሄድ የተቀባዩም ፊት ከሕዝብ ዓይን ተጠበቀ።

ሸክሙ እጥፍ የሆነባቸው ቤተሰቦችም መዘንጋት የለባቸውም። በዚያ ሰሞን ሳዑዲ ዓረቢያ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን ወደ አገራቸው መለሰች፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በወረርሽኝ ወቅት እንዲህ ያለው ጅምላ መመለስ እንዲቆም ጠይቆ ነበር። ተመላሾቹ ለይቶ ማቆያ ገቡ። ከልጃቸው በየወሩ ገንዘብ ይጠብቁ የነበሩ ወላጆች ገንዘቡም ቀረ፤ ልጃቸውም አገር ውስጥ ገብቶ ሳለ ማቀፍ አልቻሉም።

ከሁሉም የከበደው የሞት ነገር ነበር። በእኛ አገር ለቅሶ ብቻን አይለቀስም፤ ጀናዛ የሚሸኘው በብዙ ሰው ነው። በዚያ ወቅት ግን ጥቂት ሰዎች ቆመው ሰግደው ቀበሩ፤ ሌላው ‹‹አላህ ይዘንለት›› ለማለት ስልክ አነሳ። ይህን ያሳለፉ ሰዎች ቅሬታ እስከ ዛሬ ቢኖር ሊደመጥ እንጂ ሊወቀስ አይገባም።

ግንቦት 16 ቀን ኢድ አል-ፊጥር ሆነ። በየዓመቱ ሰዉ ነጭ በነጭ ለብሶ ተክቢራ እያሰማ የሚጎርፍበት የአዲስ አበባ ስታዲየም ባዶውን ዋለ። ተክቢራው ከየቤቱ ተሰማ። ረመዳን ሲገባ ከመቶ ጥቂት አለፍ ይል የነበረው የታማሚዎች ቁጥር በኢድ ሰሞን ከአራት እጥፍ በላይ ሆኖ ነበር። የሚያሳዝነው ታዲያ፣ ቁጥሩ ትንሽ ሳለ እጁን በየሰዓቱ ይታጠብ የነበረው ሰው ቁጥሩ ሲጨምር እየተዘናጋ መምጣቱ ነው። ሐጁም በዚያው ዓመት፣ ሌላ ጊዜ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው የሚቆምበት ዐረፋ፣ በሳዑዲ ነዋሪ የሆኑ አንድ ሺህ ያህል ሑጃጆችን ብቻ አስተናገደ።

ሕዝብ ትዕዛዝን የሚቀበለው ስለተነገረው ብቻ አይደለም። ምክንያቱ እርሱ በሚያምናቸው ሰዎች አንደበት ሲብራራለት፣ ሕጉ ገበያውንም መስጂዱንም እኩል ሲይዝና ቤት ተቀመጥ የተባለው ሰው የሚበላው እንዳለው ሲጠየቅ ነው የሚቀበለው። ከሦስቱ አንዱ በጎደለበት ቦታ ሁሉ ቅሬታው ከፍ ብሎ ተሰምቷል።

በዚህ ረመዳን ከኢፍጣር በኋላ ልጆችን ሰብስበው ያን ጊዜ የሚያወሩ ወላጆች መስጂዱ ለምን እንደተዘጋ ብቻ ሳይሆን የጎረቤት ማዕድ እንዴት እንደተከፈተም ይንገሯቸው። ትኩሳትና ሳል ይዞት በሶፍ መካከል የሚቆም ሰው ካለም በቤቱ ቢሰግድ ከጀመዓው እንደማይለይ ያስረዱት። የመስጂዱ ደጅ ዛሬ ክፍት ነው፤ ደጁ ላይ ሳምቡሳ የምትሸጠውም ሴት ተመልሳለች። ከእርሷ መግዛትን አንርሳ። ረመዳን ከሪም።