የቁስቋም ዘውድና ጽዋ

በከበረ ድንጋይ ያጌጡ የነገሥታት ስጦታዎች ሲነሡ ቀድሞ የሚጠራው የሩሲያው ካርል ፋበርዤ ነው። የእሱ ቤት ከ1885 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዛሮቹ 50 የፋሲካ ዕንቁላሎች ሠርቷል። ከዚያ አንድ መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ግን የጎንደር አንጥረኞች ለእቴጌ ምንትዋብና ለልጃቸው ለዳግማዊ አፄ ኢያሱ ወርቅ ያነጥሩ ነበር።

የጎንደር ቤተ መንግሥት ስጦታ ሁለት መንገድ ነበረው። አንዱ ወደ ሹማምንቱና ወደ ጀግናው ይሄዳል፦ ራስ ወርቅ፣ ቢተዋ፣ በብር የተለበጠ ጋሻና ጎራዴ። ሁለተኛው ወደ ታቦቱ ያቀናል፤ ዘውድ፣ ጽዋ፣ መስቀልና ጽና ለቤተ ክርስቲያን ይሰጣል። ከሁሉ የላቀው የእጅ ሥራ የዋለው በዚህ በሁለተኛው ላይ ይመስላል።

ምንትዋብ ከከተማው ወጣ ብሎ ላሠሩት ለደብረ ፀሐይ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን የተሰጠው ዘውድ ለዚህ ምስክር ነው። በ1740 እ.ኤ.አ. ገደማ የተሠራ ሲሆን ሦስት ደረጃ አለው። ወርቅ፣ ብርና መዳብ ተዋሕደውበታል። ዙሪያውን የወንጌላውያንና የሐዋርያት ምስል ከወርቁ ላይ ጎልቶ ወጥቷል፤ በመካከሉ እንደ ክር የቀጠነ የወርቅ ሽቦ እየተጠማዘዘ ተበይዷል፤ ባለቀለም የብርጭቆ ፈርጥም ተሰክቶበታል። ፈርጡ አልማዝ አይደለም፤ ድንቁ ያለው ሽቦው ላይ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ጎንደር የገባው በ1770 እ.ኤ.አ. ነው፤ በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን ከሰምርኔስ የመጡና በዚሁ የሽቦ ሥራ የተካኑ የግሪክ ብር ሠሪዎች በከተማው እንደነበሩ ጽፏል።

ከዘውዱ ጋር የወርቅ ጽዋም አለ። በላዩ የተቀረጸው የግዕዝ ጽሑፍ ንጉሥ ኢያሱና ንግሥት ወለተ ጊዮርጊስ (የምንትዋብ የክርስትና ስም ነው) ለቁስቋም መቅደስ እንደሰጡት ይናገራል። ሠሪው ወልደ ጊዮርጊስ የሚባል አንጥረኛ ነው። የዚያ ዘመን ባለእጆች አብዛኞቹ ስማቸው ሳይጻፍ ስለቀረ፣ የእሱ ስም መትረፉ ትልቅ ዕድል ነው።

አፄ ቴዎድሮስ በ1866 እ.ኤ.አ. ጎንደርን ሲያቃጥሉ የአድባራቱን ንዋያተ ቅድሳት ወደ ምሽጋቸው ወደ መቅደላ አስጋዙ። በሚያዝያ 1868 እ.ኤ.አ. በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ንዋያተ ቅድሳቱን ዘረፈ፤ ምርኮውም ደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ተሸጠ። የቁስቋም ዘውድና ጽዋ ግን ለንደን ደርሰው ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ገቡ።

እንግሊዞች በ1925 እ.ኤ.አ. ለንግሥት ዘውዲቱ አንድ ዘውድ መልሰዋል፤ እሱ ግን በወርቅ የተለበጠ ብር ነበር። ዋናው የወርቅ ዘውድ እዚያው ቀረ። መቅደላ የወደቀችበት 150ኛ ዓመት በ2018 እ.ኤ.አ. ሲታሰብ የሙዚየሙ ኃላፊ ቅርሶቹን ለረጅም ጊዜ በውሰት የመስጠት ሐሳብ አቅርበው ነበር። ጽዋው የማን እንደሆነ በገዛ ጽሑፉ ይናገራል፤ ስለዚህ ወደ አገሩ መምጣት ያለበት በውሰት ሳይሆን ለዘለቄታው ነው።