ቀጥቃጭና ሸማኔን በሥራቸው ላይ ማንሳት

ሮብ ገበያ ወርዳችሁ ባለእጅ ልታነሱ ስታስቡ የምትጠይቁኝ ስለ ሌንስ ነው። እኔ ብርሃኑን አስቀድማለሁ። የቀጥቃጭ ቤት ጨለማ ነው፤ ካሜራው በአውቶማቲክ ከሆነ ጨለማውን አበራለሁ ብሎ የጋለውን ማረሻ ነጭ ያደርገዋል። በማንዋል ልኩን ከጋለው ብረት ውሰዱ፤ ጀርባው ቢጠቁር ይጥቆር። የመዶሻውን ምት ቀጥ አድርጎ ለመያዝ 1/500 ሰከንድ አካባቢ ሞክሩ፤ ፍንጣሪው መስመር እንዲሠራ ከፈለጋችሁ ወደ 1/30 ውረዱ። ፍላሽ የፍሙን ቀለም ይገድላል።

ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ ስለሚሠራ ቆማችሁ ካነሳችሁት አናቱን ብቻ ታገኛላችሁ። መሬት ተቀመጡ።

አሜሪካዊው ኧርቪንግ ፔን በ1950 እና 1951 (እ.ኤ.አ.) ሠራተኞችን ከነመሣሪያቸው ስቱዲዮ አስገብቶ አንስቷል። ውብ ሥራ ነው፤ እኔ ግን ቀጥቃጩን ከወናፉ መነጠል አልወድም።

ፈቃድ መጠየቅ እዚህ ከትህትና በላይ ነው። ባለእጅ ለዘመናት «ቡዳ» እየተባለ ኖሯል፤ ዐፄ ምኒልክ ስድቡን በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ቢከለክሉም ሐሜቱ ጨርሶ አልጠፋም። ስለዚህ ካሜራ ሲደቀንባቸው ቢቆጡ አይግረማችሁ። «እንዴት ዋሉ አባቴ» ብላችሁ፣ ፎቶው የት እንደሚወጣ ንገሯቸው። እምቢ ካሉ ካሜራው ወደ ቦርሳ።