ሰነድ ያልወጣላቸው ቺፖች

አንድ ተራ የኮምፒውተር ስክሪን ወደ ጎን 1,920፣ ወደ ታች 1,080 ነጥቦች አሉት። ሲባዛ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ይሆናል። መስኮት ስንጎትት፣ ገጽ ስናንሸራትት ወይም ካርታ ስናሰፋ እንቅስቃሴው እንዳይቆራረጥብን እነዚህ ነጥቦች በሰከንድ 60 ጊዜ ይታደሳሉ። በየሰከንዱ ከ124 ሚሊዮን ጊዜ በላይ “ይህች ነጥብ ምን ዓይነት ቀለም ትያዝ?” የሚለው ጥያቄ መልስ ይፈልጋል ማለት ነው።

ይህን ሥራ እንዲሠራ ተብሎ የተነደፈው ክፍል ጂፒዩ ይባላል። ዋናው ፕሮሰሰር፣ ሲፒዩ፣ የተወሳሰበ ሥራ ሲሰጡት አንድ በአንድ የሚወጣው ጎበዝ ገበሬ ነው ብንል ጂፒዩ ደቦ ነው። እያንዳንዱ አጫጅ የሚያውቀው ሥራ ጥቂት ቢሆንም ብዙ ሆነው በአንድ ጊዜ ስለሚሰማሩ ማሳውን ቶሎ ይጨርሱታል።

አርም በተባለው የፕሮሰሰር ንድፍ የሚሠሩት ርካሽ መሣሪያዎች ብዙዎቹ ይህ ክፍል አላቸው። በስልኩ፣ በታብሌቱ፣ ከቴሌቪዥን ጋር በሚገናኘው የአንድሮይድ ሳጥን፣ መዳፍ በምታህለው ባለ አንድ ቦርድ ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ቺፕ ሲፒዩውንም ጂፒዩውንም አንድ ላይ የያዘ ነው። ገዢው ለሁለቱም ከፍሏል። ይሁንና አንድሮይዱን አጥፍቶ ሊኑክስ የተባለውን ሥርዓተ ክወና የጫነ ሰው ለብዙ ዓመታት ያገኘው ግማሽ ኮምፒውተር ነበር። ሊኑክስ ጂፒዩውን ማዘዝ ሳይችል ሲቀር ሥዕሉን ኤልኤልቪኤምፓይፕ በተባለ ሶፍትዌር አማካይነት በሲፒዩው ያሠራዋል። ጉልበተኛ ዴስክቶፕ ይህን ይችለዋል። ትንሹ ቺፕ ግን ይግላል፣ መስኮቱ ይንቀራፈፋል፣ ገዢውም “ርካሽ ዕቃ ርካሽ ነው” ብሎ ይደመድማል። ጥፋቱ ግን የዕቃው አልነበረም። የቺፑ አሠራር የተጻፈበት ሰነድ ተደብቆ ነበር።

በርካሾቹ መሣሪያዎች ውስጥ በብዛት የሚገኘው ጂፒዩ ማሊ ነው። የተነደፈው በኖርዌይ፣ ትሮንድሄም ከተማ ውስጥ ፋላንክስ በተባለ ትንሽ ኩባንያ ነው። ኩባንያውን የአርም ንድፍ ባለቤት የሆነው አርም በ2006 ገዛው (እዚህ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ማሊ-400 የተባለው ዓይነት ኦልዊነር፣ ሮክቺፕና አምሎጂክን በመሳሰሉ ቺፕ ሻጮች በኩል ቁጥር ስፍር በሌላቸው ታብሌቶችና የቴሌቪዥን ሳጥኖች ውስጥ ገባ። የማሊ ብልሃት ቁጠባ ነው። ምስሉን በሙሉ ባንድ ጊዜ ከመሥራት ይልቅ 16 በ16 ነጥብ በሆኑ ትናንሽ ካሬዎች ይከፋፍለዋል። የአንዱ ካሬ ሥራ እስኪያልቅ ድረስ ቀለሞቹ እዚያው ቺፑ ውስጥ ባለች ትንሽ ሜሞሪ ይቆያሉ፤ ወደ ዋናው ሜሞሪ የሚጻፉት ካሬው ሲጠናቀቅ ነው። ከዋናው ሜሞሪ ጋር መመላለስ ብዙ ኃይል ስለሚበላ ይህ ዘዴ ባትሪ ይቆጥባል፤ ዋጋውም እንዲረክስ ይረዳል።

እንግዲህ ጂፒዩን ለማዘዝ ድራይቨር ተብለው የሚጠሩ ሁለት ሶፍትዌሮች ያስፈልጋሉ። አንዱ በሊኑክስ እምብርት፣ በከርነሉ ውስጥ ተቀምጦ ሜሞሪ ያድላል፣ ሥራ ያሰልፋል። ሁለተኛው ከከርነሉ ውጭ የሚገኝ ላይብረሪ ሲሆን ፕሮግራሞች “ይህን ሦስት ማዕዘን በዚህ ቀለም ሣል” ብለው የሚሰጡትን ትእዛዝ ጂፒዩው ብቻ ወደሚገባው የቁጥር ቋንቋ ይለውጣል። ዕውቀቱ ሁሉ ያለው በዚህ በሁለተኛው ነው። አርም የከርነሉን ክፍል ኮድ በይፋ አውጥቶ ላይብረሪውን ግን ዘግቶ ያዘ። የሊኑክስ ከርነል የግራፊክስ ክፍል ኃላፊዎች በበኩላቸው ጥብቅ ደንብ አላቸው፤ በይፋ የሚታይ ላይብረሪ ለሌለው ድራይቨር ከርነሉ ውስጥ ቦታ አይሰጡም። የማሊ ድራይቨር ከዋናው ሊኑክስ ውጭ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ያስከተለውን ችግር የሚያውቀው የደረሰበት ነው። የተዘጋው ላይብረሪ ለአንድሮይድ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ በመደበኛ ሊኑክስ ላይ አልነሣም ይላል። ለሊኑክስ የተሠራ ቅጂ ቢገኝ እንኳ ከአንድ የከርነል ቅጂ ጋር የተሳሰረ ነው። በዚህ የተነሣ የኦልዊነር መሣሪያዎች ከርነል 3.4 ላይ ተቸንክረው ዓለም ሲያልፋቸው ቆዩ። የጸጥታ ቀዳዳ ሲገኝ ማስተካከያው ለአዲሱ ከርነል ይወጣል፤ አዲሱን የጫነ ግራፊክሱን ያጣል፣ ግራፊክሱን የመረጠ በቀዳዳው ይኖራል። በዚያ ላይ ላይብረሪው የሚያውቀው ኦፕንጂኤል ከተባለው የሥዕል ማዘዣ ቋንቋ ለስልክ የተቀነሰውን ኦፕንጂኤል ኢኤስን ብቻ ሲሆን ብዙ የዴስክቶፕ ፕሮግራሞች የሚጠይቁት ሙሉውን ኦፕንጂኤል ነበር። ለአንድ ሰው ዕቃ ሸጦ እንዴት እንደሚሠራ መከልከል፣ በእኔ እምነት፣ ግማሹን መልሶ እንደመውሰድ ነው።

ሰነድ ያልሰጡትን ቺፕ እንዴት ያውቁታል? ሥራው ረጅም ትዕግሥት ይጠይቃል። አጥኚው በተዘጋው ላይብረሪና በከርነሉ መካከል የራሱን ትንሽ ፕሮግራም ያስገባል፤ ፕሮግራሙ የሚያልፈውን ሁሉ ይመዘግባል። ከዚያ ቀይ ሦስት ማዕዘን ያስልና ሜሞሪ ላይ የተጻፉትን ቁጥሮች ያስቀምጣል። ቀለሙን ወደ አረንጓዴ ቀይሮ ይደግመዋል። በሁለቱ መዝገቦች መካከል የተለወጡት ቁጥሮች የቀለም ቦታ እንደሆኑ ያውቃል። ቀጥሎ ሦስት ማዕዘኑን ያንቀሳቅሳል፣ ሁለተኛ ይጨምራል፣ ጥላ ያደርግበታል፤ እያንዳንዱ ለውጥ አንድ ምሥጢር ያወጣል።

ከዚህ የሚከብደው ሼደር የሚባሉትን፣ ለእያንዳንዷ ነጥብ ቀለሟን የሚያሰሉትን ትንንሽ ፕሮግራሞች መፍታት ነው። መደመር የሚሠራ ሼደር ወደ ማባዛት ሲቀየር የትኛው ቢት ተገለበጠ? ቁጥሩ አሉታዊ ሲሆንስ? ይህ በመቶዎች ለሚቆጠሩ ሁኔታዎች ከተደገመ በኋላ የጂፒዩው ቋንቋ ሰዋስው ቀስ በቀስ ይጻፋል። በመጨረሻ የራስን ኮምፓይለር ሠርቶ ቺፑ ሲታዘዝ ማየት ይቀራል።

በዚህ መንገድ ማሊን መጀመሪያ በአደባባይ የደፈረው ሉክ ቨርሃገን ነው። በየካቲት 2012 ብራስልስ በተካሄደው የፎስደም ጉባኤ ላይ ሊማ ብሎ የሰየመውን ሥራ አቀረበ። በ2013 ኩዌክ 3 የተባለውን የሦስት ገጽታ ጨዋታ በሊማ ላይ ሲያስኬድ ፍጥነቱ ከአርም የተዘጋ ድራይቨር ትንሽ በለጠ። ኮነር አቦት የማሊ ሼደሮችን ቋንቋ ከፈቱት መካከል አንዱ ነው። በዚያው ዘመን ሮብ ክላርክ ብቻውን ሊባል በሚችል ጥረት አድሬኖ የተባለውን የኳልኮም ጂፒዩ ለመክፈት ፍሪድሬኖ የተባለውን ሥራ ጀመረ። ሊማ ግን ለዓመታት ቀዝቅዞ ቆየ፤ በኋላ ሌሎች አንስተው እንደገና ጻፉት።

ራስፕቤሪ ፓይ የሄደበት መንገድ የተለየ ነው። በየካቲት 29 ቀን 2012 ለሽያጭ የቀረበው ይህ ባለ 35 ዶላር ቦርድ ቪዲዮኮር የተባለ የብሮድኮም ጂፒዩ አለው። በመጀመሪያዎቹ ፓዮች ላይ ኃይል ሲሰጥ መጀመሪያ የሚነቃው ይኸው ክፍል ነው፤ የአርሙን ሲፒዩ የሚቀሰቅሰው እሱ ነው። ድራይቨሩ መጀመሪያ ላይ ከተዘጋ ሶፍትዌር ጋር ብቻ የሚነጋገር ነበር። በየካቲት 2014 ግን ብሮድኮም የቪዲዮኮር 4ን የግራፊክስ ሰነድ ለሕዝብ አወጣ። በዚያው ዓመት በኢንቴል የሥራ ልምድ ያለው ባለሙያ ቀጥሮ በይፋ የሚታይ ድራይቨር አጻፈ። በ2019 የወጣው ፓይ 4 ቪ3ዲ በተባለ ክፍት ድራይቨር ሥራ ጀመረ። ኢጋሊያ የተባለው የስፔን ኩባንያ ቩልካን ለተባለው የግራፊክስ መስፈርት ድራይቨር ጽፎለት፣ ድራይቨሩ በ2020 የመስፈርቱን ፈተና አለፈ። አንድ ኩባንያ ሰነዱን ሲያወጣ የዓመታት ድካም እንዴት እንደሚቀር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ወደ ማሊ እንመለስ። አሊሳ ሮዘንዝዋይግ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለች፣ በ2017፣ ከማሊ-400 በኋላ የመጣውን ሚድጋርድ የተባለ ትውልድ መፍታት ያዘች። ሥራዋ ከሌሎች ጥረት ጋር ተዋህዶ ፓንፍሮስት ተባለ። ሐምሌ 2019 ላይ የወጣው የሊኑክስ ከርነል 5.2 ሊማንም ፓንፍሮስትንም አብሮ ያዘ። ሁለተኛው ክፍላቸው፣ ላይብረሪው፣ የገባው ሜሳ ውስጥ ነው፤ ሜሳ ብሪያን ፖል በ1993 የጀመረው፣ ዛሬ በሊኑክስ ላይ ላለው ግራፊክስ መሠረት የሆነ የድራይቨሮች ስብስብ ነው። ሜሳ ውስጥ መግባት ማለት መደበኛ ሊኑክስ የጫነ ሰው ምንም ሳያወርድ ጂፒዩው ይሠራለታል ማለት ነው። በተዘጋው ድራይቨር የተከለከለው የዴስክቶፕ ኦፕንጂኤልም በዚሁ ተገኘ።

በ2020 አርም ራሱ፣ ኮላቦራ ከተባለው ኩባንያ ጋር ሆኖ፣ ፓንፍሮስትን መደገፍ ጀመረ። ደጅ ተከልክለው የነበሩት ሰዎች ሥራ የኩባንያው የራሱ መንገድ ሆነ። ለአዲሶቹ ማሊዎች፣ ለምሳሌ ሮክቺፕ አርኬ3588 ውስጥ ላለው ጂ610፣ ፓንቶር የተባለ ድራይቨር በ2024 ከርነል 6.10 ውስጥ ገብቷል። ረጅም ጊዜ በሩን ዘግቶ የኖረው ፓወርቪአር የተባለው ጂፒዩ እንኳ፣ ባለቤቱ ኢማጂኔሽን ቴክኖሎጂስ በ2022 ክፍት ድራይቨር ለሜሳ አቅርቦ፣ የከርነል ክፍሉ በ2024 ከርነል 6.8 ውስጥ ገባለት። የድሮዎቹ ፓወርቪአሮች ግን ከዚህ ዕድል አልተቋደሱም።

ይህ ሁሉ ድካም ለገዢው ምን እንደሚያተርፍ ቺፕ ተብሎ የተሸጠው ኮምፒውተር ያሳያል። በ2015 በ9 ዶላር ሊሸጥ ታቅዶ በሕዝብ መዋጮ ከሁለት ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበለት። በውስጡ የኦልዊነር ቺፕ ከማሊ-400 ጋር ነበረው። አምራቹ ኔክስት ቲንግ በ2018 ከሰረ፤ ማሻሻያ የሚልክም ጠፋ። ሆኖም ለኦልዊነሩ ቺፕ የሚሆነው የሊኑክስ ኮድ በዋናው ከርነል ውስጥ ስለነበረ፣ የማሊ-400 ድራይቨርም በዓመቱ ስለገባ፣ የመሣሪያው ዕድሜ ከአምራቹ ዕድሜ ጋር አልተቆረጠም። ዶላር እንደልብ በማይገኝበት አገር ለሚኖር ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከ10 ዋት በታች የሚበላ ቦርድ በትንሽ ባትሪ ይሠራል፤ ትምህርት ቤትም ሆነ ቤት ለመጻፍ፣ ለማንበብ፣ ፕሮግራም ለመማር ይበቃል።

ሁሉም ተፈትቷል ማለቴ አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቪዲዮ ላይ ነው። ፊልም የሚፈታው ክፍል ከጂፒዩው የተለየ ሲሆን የራሱን ድራይቨር ይፈልጋል። ስለዚህ ፓንፍሮስት በትክክል እየሠራ ፊልም ቢቆራረጥ አይግረማችሁ። የኦልዊነር ቪዲዮ ክፍል ድራይቨር ወደ ዋናው ሊኑክስ የገባው ቡትሊን የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በ2018 ከሕዝብ በሰበሰበው ገንዘብ ነው። ማሊ-400ም በሊማ ቢነሣም ዕድሜው ገፍቷል፤ ከኦፕንጂኤል ኢኤስ ቅጂዎች 2.0ን እንጂ ከዚያ በላይ አይችልም። መስኮትና ቀላል ጨዋታ ይችላል፣ ዘመናዊ ጨዋታ ግን አይሞከርም።

አሁን ሊኑክስ በተጫነበት መሣሪያችሁ ላይ ማን እየሣለ እንደሆነ ለማወቅ ጂኤልኤክስ ኢንፎ (glxinfo) የተባለውን ትእዛዝ በተርሚናል አስኪዱ። “ሬንደረር” (renderer) በሚለው መስመር ላይ ማሊ ወይም ቪ3ዲ የሚል ከወጣ ጂፒዩው ሥራ ላይ ነው። ኤልኤልቪኤምፓይፕ ካለ ሸክሙ ሲፒዩው ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ መፍትሔው አዲስ ከርነልና አዲስ ሜሳ መጫን ነው።

ልትገዙ ከሆነ ደግሞ የሻጩን ጊጋኸርዝና የኮር ብዛት ወደ ጎን ተዉትና የቺፑን ስም ጠይቁ። የጂፒዩውን ስም ፈልጉና በዋናው ሊኑክስና በሜሳ ውስጥ ድራይቨር እንዳለው አረጋግጡ። ሻጩ የሚሰጣችሁ በራሱ ያዘጋጀውን ያረጀ ከርነል ብቻ ከሆነ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ አትግዙት።