ባሲለስ ኮአጉላንስ

ባሲለስ ኮአጉላንስ (የአሁን ሳይንሳዊ ስሙ ሄይንድሪክሲያ ኮአጉላንስ) ስፖር የሚሠራና ላክቲክ አሲድ የሚያመነጭ የባክቴሪያ ዝርያ ነው። ለአንጀት ጤና ተብለው በሚሸጡ የፕሮባዮቲክ እንክብሎችና ምግቦች ውስጥ ይገኛል። ፕሮባዮቲክ ማለት በበቂ መጠን ሲወሰድ ለጤና የሚጠቅም ሕያው ረቂቅ ተሕዋስ ነው።

ሥነ ሕይወት

ባክቴሪያው ዘንግ መሰልና ግራም ፖዘቲቭ ነው፤ ኦክስጅን ባለበትም በሌለበትም ያድጋል። በተለይ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ያለ ሙቀት ይስማማዋል። ምግብ ሲያልቅበት ሕዋሱ በውስጡ ስፖር ይሠራል። ከአንድ ሕዋስ የሚወጣው አንድ ስፖር ብቻ ስለሆነ፣ የባክቴሪያ ስፖር እንደ ሻጋታ ስፖር መራቢያ ሳይሆን የክፉ ቀን መሸሸጊያ ነው። ውኃው ጥቂት፣ ሽፋኑ ድርብርብ በመሆኑ ሙቀትን፣ ድርቀትንና የጨጓራ አሲድን ይቋቋማል። ምቹ ሁኔታ ሲያገኝ እንደገና ሕያው ሕዋስ ይሆናል። በአንጀት ውስጥ ግን ለዘለቄታው አይሰፍርም፤ መውሰድ ሲቆም ቀስ በቀስ ከሰገራ ጋር ይወጣል።

ስያሜና ምደባ

ዝርያውን እ.ኤ.አ. በ1915 የገለጸው አሜሪካዊው ተመራማሪ በርናርድ ሃመር ነው። በአዮዋ ግዛት በቆርቆሮ የታሸገ ወተት ረግቶ በመገኘቱ ምክንያቱን ሲፈልግ አገኘው። «ኮአጉላንስ» በላቲን «የሚያረጋ» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ሌሎች ተመራማሪዎች ያንኑ ዝርያ «ላክቶባሲለስ ስፖሮጀንስ» ብለው ሰየሙት። እርጎን የሚያረጉት ላክቶባሲለሶች ግን ስፖር ስለማይሠሩ ስሙ ተሰርዟል፤ ሆኖም እስካሁን በአንዳንድ የመድኃኒት መለያ ላይ ይታያል። በዘረመል ጥናት መሠረት ዝርያው እ.ኤ.አ. በ2020 ዋይዝማኒያ ወደተባለ ወገን፣ በ2023 ደግሞ ወደ ሄይንድሪክሲያ ተዛውሯል።

ስፖር፣ ምግብና ጤና

ስፖር መሥራት ብቻውን የጠቃሚነት ምልክት አይደለም። የአባ ሰንጋ በሽታ መንሥኤ ባሲለስ አንትራሲስና ምግብን የሚመርዘው ባሲለስ ሴሬየስም ስፖር ይሠራሉ። በአዲስ አበባ እንደ መሳለሚያ ባሉ ገበያዎች የሚሸጥ እህልም ሆነ የደረቀ ቅመም ከአፈር የመጣ የባሲለስ ስፖር ሊኖረው ይችላል። ማፍላት ሕያው ሕዋሶችን ቢገድልም ሁሉንም ስፖሮች አያጠፋም። ስለዚህ የበሰለ ምግብ ለብ ብሎ ለረጅም ሰዓት ሲቆይ የተረፉት ነቅተው ሊራቡ ይችላሉ። ባሲለስ ኮአጉላንስ ራሱ የታሸገ የቲማቲም ምርትን ያኮመጥጣል።

ይኸው ጽናት ለፕሮባዮቲክ አምራቾች ጠቅሟል፦ ምርቱ ያለ ማቀዝቀዣ መደርደሪያ ላይ ሊቆይ ይችላል። የጤና ጥቅሙ ግን እንደ ንዑስ ዝርያው መስመርና እንደ መጠኑ ይለያያል፤ በአንዱ የታየ ውጤት ለሌላው ማስረጃ አይሆንም። የበሽታ መከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች ፕሮባዮቲክ ከመውሰዳቸው በፊት ሐኪም ማማከር አለባቸው።