የወደቀውን ሽቦ ማን ያየዋል? ስማርት ግሪድና አራቱ ተግባራቱ



ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የተጓዘ ሁሉ ጣርማ በርን ያውቃል። ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው ከፍታ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራውን ዋሻ አልፎ መንገዱ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ይወርዳል። ስፍራውን ጉም ሲሸፍነው ጥቂት እርምጃ አርቆ ማየት አይቻልም። የዛሬውን ርእሴን ከዚያ ልጀምር።

ነፋስ ባሕር ዛፍ ጥሎ የ15 ወይም የ33 ኪሎ ቮልት ማከፋፈያ መስመር በጠሰ እንበል። ሽቦው በደረቅ ዐለት ላይ ከወደቀ ወደ መሬት የሚፈሰው ኮረንቲ ጥቂት ነው። በሰብስቴሽን ያለው የተለመደው ሪሌይ ግን የሚነቃው ኮረንቲ ከመጠን ሲያልፍ ነው፤ ስለዚህ ይህን ከደንበኞች ፍጆታ ላይለየው ይችላል። ሽቦው ኃይል እንደ ተሸከመ በጉሙ ውስጥ ተጋድሞ ይቀራል። እረኛ በዚያ ያልፋል።

ይህን አደጋ ለመከላከል አራት ተግባራት ያስፈልጋሉ፤ መለካት፣ መልእክት ማስተላለፍ፣ ማስላትና መቆጣጠር። መለካቱን በየቤቱ ያለ ስማርት ቆጣሪ ሊሠራው ይችላል፤ ኃይል ሲቋረጥበት በውስጡ ባጠራቀመው ጥቂት ኃይል የመጨረሻ መልእክት የሚልክ ቆጣሪ አለ። መልእክቱ በሬዲዮ ከሄደ በዝቅተኛ ሞገድ ላይ ጉም ብዙም እንቅፋት አይሆንበትም፤ ገደል ግን ይጋርደዋል። ማስላቱ ከተበጠሰው ወዲህ ያሉት ቆጣሪዎች ደኅና መሆናቸውን፣ ወዲያ ያሉት ቮልቴጅ ማጣታቸውን አነጻጽሮ ስፍራውን ይለያል። መቆጣጠሩም ብሬከሩን ይከፍታል።

የጊዜውንም ነገር ልብ በሉ። የእኛ መረብ በ50 ኸርዝ ስለሚሠራ አንድ ዑደት 20 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው። ከባድ ሾርት ሰርኪት በጥቂት ዑደቶች ውስጥ መቆረጥ ስላለበት ውሳኔው እዚያው በመስመሩ ላይ ይሰጣል፤ የሩቅ ማዕከል ትእዛዝ አይጠበቅም። የተበጠሰውን ሽቦ መለየት ግን የብዙ ቆጣሪዎችን ወሬ መሰብሰብ ይጠይቃል። ስለዚህ የትኛው ስሌት በምሰሶው፣ የትኛው በማዕከል ይሠራ የሚለው በመልእክቱ ፍጥነት ይወሰናል።

አራቱን ለያይቶ መግዛት የሚያስከትለውን ጉዳት በአንድ ምሳሌ ላሳይ። በአየር ላይ መስመሮች አብዛኛው ብልሽት ጊዜያዊ ነው፤ መብረቅ ወይም ለቅጽበት የነካ ቅርንጫፍ ያመጣዋል። ስለዚህ መስመሩን ቆርጦ ጥቂት ቆይቶ ራሱ መልሶ የሚያገናኝ ብሬከር ይተከላል፤ ጠቃሚም ነው። ነገር ግን ሽቦው እርጥብ አፈር ላይ ወድቆ መስመሩ ቢቆረጥ፣ ይኸው ብሬከር መሬት ላይ ወዳለው ሽቦ ኃይሉን መልሶ ይልካል። እጅ አለው፤ ዐይን ግን የለውም።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ያ ኃይል በመጨረሻ የሚደርሰው በእንዲህ ያለ ገደላማ አገር በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ነው። በብዙ ስፍራ ዛሬም የመስመሩ ዐይን፣ መብራት ሲጠፋበት ወደ 905 የሚደውለው ደንበኛ ራሱ ነው።

ተማሪዎቼ ሆይ፤ ወደፊት መቆጣጠሪያ ስትነድፉ አስቀድማችሁ ይህን ጠይቁ፤ መልእክቱ ባይደርስ ብሬከሩ ምን ያድርግ? ክፍት ይቆይ ብትሉ መንደሩና ጤና ኬላው ይጨልማሉ፤ ይህም ቀላል አይደለም። ሽቦ መውደቁ በተጠረጠረበት መስመር ላይ ግን የእኔ መልስ ክፍት ይቆይ ነው። የጠፋ መብራት ይመለሳል፤ የጠፋ ሕይወት አይመለስም።