ያውቁ ኖሯል? የፓሪሱ ኦፔራ ቤትና ቅርጻ ቅርጾቹ

ፓሪስ እምብርት ላይ ወደሚገኘው ጋርኒዬ ኦፔራ ቤት የገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው አንገቱን ቀና አድርጎ ጣሪያውን ማየት ነው። ጣሪያው ቢታይም አይበዛበትም። ዛሬ ግን ዓይንዎን ዝቅ እንዲያደርጉ እጠይቃለሁ፤ ወደ ደረጃው ሥር፣ ወደ በሩ ግራና ቀኝ፣ ወደ መብራቱ ተሸካሚዎች። የዚህ ቤት ትልቁ ሀብት ያለው እዚያ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ያውቁ ኖሯል? ይህን ቤት የነደፈው ሻርል ጋርኒዬ በ1861 ውድድሩን ሲያሸንፍ ገና የ35 ዓመት ሰው ነበር። የተወዳደሩት 171 ነበሩ። የአዲስ ኦፔራ ቤት ሥራ የተወሰነው ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ሦስተኛ በጥር 1858 ወደ አሮጌው ኦፔራ ሲያመሩ ቦምብ ከተወረወረባቸው በኋላ ነው። እሳቸው ተረፉ፤ ብዙ ሰው ግን ሞተ፣ ቆሰለ።

ናፖሊዮን ያሠሩትን ቤት ተመርቆ አላዩትም። በ1870 ከዙፋናቸው ወረዱ፣ በ1873 በስደት እንግሊዝ አገር ሞቱ፤ ቤቱ የተከፈተው ጥር 5 ቀን 1875 ነው። ሠረገላቸው እስከ ደጃፉ እንዲወጣላቸው የታሰበው የጎን ክፍል ሳያልቅ ቀረ። ዛሬ ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም ነው።

ከዋናው በር ሲገቡ የሚቀበሉዎት አራት ሰዎች ሁሉም ሙዚቀኞች መሆናቸውንስ? ሉሊ፣ ራሞ፣ ግሉክና ሀንደል ድንጋይ ሆነው ተቀምጠዋል። የጣሊያንን፣ የፈረንሳይን፣ የጀርመንንና የእንግሊዝን ሙዚቃ ይወክላሉ።

ትልቁ ደረጃ 30 ሜትር ከፍታ ባለው አዳራሽ ውስጥ ነው የሚወጣው። መርገጫው ነጭ እብነ በረድ ነው፤ እጅ የሚያርፍበት መደገፊያ ከአልጄሪያ የመጣ ኦኒክስ ነው። ዙሪያውን ሰገነቶች ከበውታል፤ ምክንያቱም ጋርኒዬ የሚወጣው ሰው ራሱ እንዲታይ ፈልጓል። ቀሚሷን ሰብስባ የምትወጣው እመቤት፣ ከላይ የሚመለከታት፣ ከታች የሚጠብቃት፣ ሁሉም ትርኢቱ ከመጀመሩ በፊት ትርኢት ውስጥ ናቸው። ቅርጻ ቅርጾቹም የተቀመጡት ለሚራመድ ሰው ነው፤ አንድ ደረጃ በወጡ ቁጥር ሌላ ፊት፣ ሌላ ክንድ ይገለጣል። ፎቶግራፍ ይህን ሊያሳይ አይችልም።

ከደረጃው ግርጌ መብራት ያቀፉ ሴቶች ቆመዋል። የአልቤር ኤርነስት ካርዬ ቤሉዝ ሥራ ናቸው። ሲያዩአቸው ቀልጦ የፈሰሰ ነሐስ ይመስላሉ። በጋልቫኖፕላስቲ የተሠሩ መሆናቸውን ግን ያውቁ ኖሯል? በኤሌክትሪክ ኃይል መዳብ ከፈሳሽ ውስጥ እየተለየ በቅርጹ ላይ በስሱ እንዲያርፍ ይደረጋል። በዘመኑ አዲስ ጥበብ ነበር፤ ወጪንም ይቀንሳል። በነገራችን ላይ፣ በ1860ዎቹ በካርዬ ቤሉዝ የሥራ ቤት ተቀጥረው ይሠሩ ከነበሩት ወጣቶች አንዱ ኦጉስት ሮዳን ነበር።

አሁን ከደረጃው ሥር ይግቡ። ወደ ላይ የሚጣደፈው እንግዳ ሳያያት የሚያልፋት ሴት እዚያ አለች፤ በውኃ ገንዳ ላይ የተቀመጠች፣ ከነሐስ የተሠራች ፒቲያ፣ የጥንቷ ዴልፊ ትንቢት ተናጋሪ። ሰውነቷ ተጠማዟል፣ እጇ ተዘርግቷል፤ መንፈስ የወረደባት ሰዓት ነው። የቀራጺው ስም ማርቼሎ ይባላል። ማርቼሎ ግን ሴት መሆኗን ያውቁ ኖሯል? እውነተኛ ስሟ አዴል ዳፍሪ ነው፤ በ1836 የተወለደች ስዊዘርላንዳዊት። የካስቲልዮኔን መስፍን በወጣትነቷ አገባች፤ መስፍኑ ዓመት ሳይሞላው ሞተባት። ከዚያ በኋላ ሕይወቷን ለቅርጽ ሰጠች። የፓሪሱ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በዚያ ዘመን ሴት አይቀበልም ነበር፤ በሩን ለሴቶች የከፈተው በ1897 ነው፣ እሷ ከሞተች 18 ዓመት በኋላ። ሥራዋ በጾታዋና በማዕረግዋ ሳይሆን በራሱ እንዲመዘን ብላ የወንድ ስም ይዛ ለሕዝብ አቀረበች። ጋርኒዬ ፒቲያን ከደረጃው ሥር ሲያኖራት ቦታው ተራ አልነበረም፤ በሠረገላ የሚመጡት ባለ ጸጋ ደንበኞች በራሳቸው መግቢያ ገብተው ወደ ላይ ሲወጡ በእሷ አጠገብ ያልፉ ነበር። ከቤቱ የውስጥ ቅርጾች አንዱን ምረጥ ብባል ሳላመነታ ፒቲያን እመርጣለሁ። ሌሎቹ ያምራሉ፤ እሷ ግን ታስደነግጣለች።

እነዚሁ ደንበኞች ሠረገላቸውን ትተው የሚገቡበት ክብ አዳራሽ ጣሪያ ላይ የሐረግ ጌጥ አለ። ተጠጋግተው ያንብቡት፤ ጌጡ ፊደል ነው። የጋርኒዬ ሙሉ ስምና 1861 እና 1875 የሚሉት ዓመቶች ተጠላልፈው ተጽፈዋል።

ወደ መቀመጫዎቹ የሚያስገባው በር ግራና ቀኝ ትራጄዲና ኮሜዲ ሴት ሆነው ቆመዋል፤ ቀራጺው ጁል ቶማ ልብሳቸውን በድንጋዩ በራሱ ቀለም አለበሳቸው።

ክራር ለሚያውቅ አንባቢ ደግሞ ይህ ልዩ ደስታ ነው፤ የቤቱ ዋና ምልክት የጥንት ግሪኮች ሊራ፣ ማለትም የክራርና የበገና ዘመድ ነው። በአምዶች ራስ ላይ፣ በማሞቂያ ፍርግርጎች ላይ፣ በበር እጀታዎች ላይ ሳይቀር ይገኛል። ጣሪያው ጫፍ ላይ የቆመው የኤሜ ሚዬ አፖሎም ከፍ አድርጎ የያዘው ወርቃማ ሊራ ነው።

በትልቁ የእረፍት አዳራሽ የሚያብረቀርቀው ሁሉ ወርቅ እንዳይመስልዎት። ርዝመቱ 54 ሜትር ነው፤ ሁሉንም በወርቅ መለበጥ ገንዘብ ያስጨርሳል። ስለዚህ የወርቁ ቅጠል የተለጠፈው ብርሃን በሚያርፍባቸው ጎላ ያሉ ክፍሎች ላይ ነው፤ የቀረው ቢጫማ ቀለም ተቀባ። ዓይን ልዩነቱን አይለይም። ወደ ሉቭር በሚያሳየው መስኮት አጠገብ ደግሞ የጋርኒዬ እስከ ደረት የሚደርስ ምስል አለ፤ ቀራጺው ዣን ባቲስት ካርፖ የሠራው ቅርጽ ቅጂ ነው። በአቅራቢያው ካሉት ትናንሽ ክፍሎች አንዱ የፀሐይ፣ ሌላው የጨረቃ ነው፤ በመጀመሪያው ሳላማንደር፣ በሁለተኛው ጉጉትና የሌሊት ወፍ ያገኛሉ።

የተመልካቾቹን አዳራሽ በአጭሩ ልለፈው፣ ሁሉም ያየዋልና። ባለ 340 መብራቱ ቻንደሊየር የጋርኒዬ ንድፍ ነው። በ1896 ከሚዛን ክብደቶቹ አንዱ ወድቆ አንዲት ሴት ገደለ፤ ጋስቶን ለሩ "የኦፔራው መንፈስ" በሚለው ልብ ወለዱ ያስገባው አደጋ ከዚህ የመጣ ነው። በ1964 የተሰቀለው የማርክ ሻጋል የጣሪያ ሥዕል ደግሞ ከላዩ ያለውን የ19ኛው መቶ ዘመን ሥዕል ሳይነካ ሸፍኖ ነው የተቀመጠው።

ከሁሉ የከፋ ሁከት ያስነሣው ቅርጽ ግን ውጭ ነው፣ ከፊት ለፊቱ በስተቀኝ። ጋርኒዬ ካርፖን "ጭፈራ" የሚል ቡድን እንዲሠራለት አዘዘው፤ ሦስት ሰው ይበቃል አለው። ካርፖ ዘጠኝ አደረጋቸው። ከበሮ ያነሣ ክንፋም ወጣት መሐል ቆሞ፣ ራቁታቸውን የሆኑ ሴቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው እየሳቁ ይዞሩታል። ጎረቤት ያሉት ሦስት ቡድኖች ጸጥ ብለው ቆመዋል፤ የካርፖ ሰዎች ግን ከግድግዳው ሊወርዱ ደርሰዋል። በ1869 ሲገለጥ ከተማው ተቆጣ፤ ነውር ነው ተባለ። በነሐሴ መጨረሻ አንድ ሌሊት ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ጠርሙስ ቀለም ወረወረበት፤ ጥቁሩ የአንዷን ጨፋሪ ጎን አጥለቀለቀው። ቅርጹ ይነሣ ተብሎ ተወሰነ፤ ምትኩም ለሻርል ጉምሪ ታዘዘ። በዚህ መሐል የ1870ው የፈረንሳይና የፕሩሲያ ጦርነት መጣ፣ ጉምሪም በ1871 ሞተ፤ ነገሩ ተረሳ። ጉምሪ የሠራው ጨዋ ቡድን ዛሬ አንዤ ከተማ ይኖራል። የካርፖው እዚያው ቆመ። ካርፖ በ48 ዓመቱ የሞተው ቤቱ በተከፈተበት በዚያው በ1875 ነው።

ዛሬ በግድግዳው ላይ የሚያዩት ቅጂ መሆኑንስ ያውቁ ኖሯል? የአየሩ ብክለት ድንጋዩን ስለበላው ዋናው በ1964 ወደ ሉቭር ገባ። ቅጂውን የሠራው ፖል ቤልሞንዶ የፊልም ተዋናዩ የዣን ፖል ቤልሞንዶ አባት ነው።

ዋናው አሁን ኦርሴ ሙዚየም ነው። በዚያው ሙዚየም ስብስብ ውስጥ የካርፖ ወዳጅ የነበረችው ማርቼሎ ከመቅደላ ጦርነት ሁለት ዓመት ያህል በኋላ፣ ፒቲያን በሠራችበት ጊዜ የቀረጸችው፣ እብነ በረድና ነሐስ ያጣመረ የአንድ ሰው ምስል አለ። የሰጠችው ስም "የአቢሲኒያ አለቃ" ነው።