የመጻሕፍት ጉርብትና

መጻሕፍት በቁመታቸው ቢደረደሩ ቦታ ይቆጠባል፤ በገቡበት ቀን ቢደረደሩ የመዝጋቢው ድካም ይቀንሳል። ሁለቱም ዘዴዎች ተሠርቶባቸዋል፤ የሚጠቅሙት ግን አስቀማጩን እንጂ አንባቢውን አይደለም። አሜሪካዊው ሜልቪል ዲዊ እ.ኤ.አ. በ1876 የምደባ ሥርዓቱን እስካሳተመበት ጊዜ ድረስ በብዙ ቤተ መጻሕፍት ቁጥር የሚሰጠው ለመደርደሪያው ነበር። መጽሐፉ የዚህ ቁም ሣጥን፣ የዚያ ረድፍ ተብሎ ይመዘገብና እዚያው ተተክሎ ይቀራል። ዲዊ ቁጥሩን ከእንጨቱ ነጥቆ ለመጽሐፉ ጉዳይ ሰጠው። ቤቱ ቢቀየር፣ መደርደሪያው ቢጨመር መጽሐፍ ጎረቤቶቹን ይዞ ይጓዛል። የሥርዓቱ ትልቁ ውለታም ይኸው ጉርብትና ይመስለኛል፤ ስሙን የምናውቀውን መጽሐፍ ለማግኘትማ ተራ ቁጥርም ይበቃ ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። እውቀት ከ000 እስከ 900 በአሥር ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ክፍል እንደገና በአሥር፣ አሁንም በአሥር ይሸነሸናል። 900 ታሪክና ጂኦግራፊ ነው፤ 960 የአፍሪካ ታሪክ፣ 963 የኢትዮጵያና የኤርትራ። ከነጥብ በኋላ ቁጥር እየተቀጠለ ጉዳዩ ይጠብባል። ስለ አንድ ዘመን የተጻፈ መጽሐፍ ፍለጋ የሄደ ሰው ከግራና ከቀኙ ስለዚያው ዘመን የተጻፉ፣ መኖራቸውን እንኳ የማያውቃቸውን ያገኛል።

ኮምፒውተር ባለበት ዘመን ይህ ምን ያደርጋል የሚል አይጠፋም። ኮምፒውተር ግን የሚመልሰው የተጠየቀውን ነው፤ ለመጠየቅም ፊደሉን ማወቅ ይፈልጋል። የእኛ ነገር እዚህ ላይ ይብሳል፦ «ሀዲስ»ን አንዱ በሀሌታው ሀ፣ ሌላው በሐመሩ ሐ ይጽፈዋል፤ «ዓለም»ም በአልፋውና በዓይኑ ይጻፋል። ይህን ያላገናዘበ ማሽን መጽሐፉ እያለ የለም ይላል። መደርደሪያው ግን የፊደል ምርጫ አይጠይቅም፤ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ 892.8 ውስጥ ነው፣ ሄዶ በዓይን ማየት ነው።

ሥርዓቱ ያደላል የሚለው ወቀሳ እውነት አለው። ከ200ዎቹ የሃይማኖት ቁጥሮች ከ220 እስከ 280 ያሉት በአብዛኛው ለክርስትና ሲሰጡ እስልምና 297 ላይ ተወስኗል። ይህ የቦታ ድልድል በደል እንጂ የጉርብትና ጉድለት አይደለም፤ 297ም ከነጥቡ በኋላ የፈለገውን ያህል ይረዝማል። እኔን የሚከብደኝ ሌላው ነው፤ መጽሐፍ አንድ አካል ስላለው ሁለት ቦታ መቆም አይችልም። የቡና እርሻ 633.73 ላይ፣ የቡና አፈላል 641 ውስጥ ይቀመጣሉ፤ የአማርኛ ሰዋስው 492.8 ላይ ሆኖ ከልብ ወለዱ አራት መቶ ቁጥር ይርቃል። እዚህ ላይ ካታሎጉ የግድ ነው፤ የራቁትን ዘመዳሞች የሚያገናኝ እሱ ነው።

መጽሐፍ መደብር ቁጥሩን ትቶ ጉርብትናውን ወስዷል። ልብ ወለድን በአንድ ወገን፣ ታሪክን በሌላ ይሰበስባል፤ አዲሱን ደጃፉ ላይ ፊቱን አዙሮ ያቆማል። እዚያ ጎረቤት የሚመረጠው ገዢን ስለሚስብ ነውና ሽያጩ የቀዘቀዘ መጽሐፍ ቦታውን ይለቃል። የቤተ መጻሕፍቱ ቁጥር ግን ተፈላጊውንና የተረሳውን እኩል ያስቀምጣል።

ታሪክ ፍለጋ 963 ዘንድ የሄዳችሁ እንደሆነ፣ ወደ 916.3ም ጎራ በሉ፤ በኢትዮጵያ የተጓዙ ሰዎች የጉዞ መጻሕፍት የሚቀመጡት እዚያ ነው።